እሁድ የመጡት ፈታኞች

ፕራባከር ወደ ስፌት ሱቄ የሚመጣው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ የሕዋ ሳምንት ሲቃረብ። እንደ ሌላው ሰው ጫማውን ደጃፍ ላይ አያወልቅም። የአባቴን የስፌት መኪና ተደግፎ ይቆምና እኔን ሳይሆን ግድግዳውን እያየ ያዝዛል።

ዘንድሮም እንደዚያው ነው ያደረገው። ሰማያዊ የደረት ሪባን፣ በቢጫ ክር "የነገ ጠፈርተኛ" ተብሎ የተጠለፈ፣ እንደ አምናው። ሪባኑ የሚሸለምበት ውድድር መቼ እንደተካሄደና ማን እንዳሸነፈ ጠየቅሁት። ገና አልተካሄደም አለኝ። የከፈለ ሁሉ ይሸለማል፤ የልጅ ሞራል አይነካም። ራሱ የክብር እንግዳ ነው፤ ራሱ ዳኛ ነው፤ የሕዋ ትምህርት አካዳሚው ባለቤትም ራሱ ነው። ከአካዳሚው በር በላይ በጉርምስናው የተነሳው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ቆብ ደፍቶ፣ ከሮኬት ቅርጽ አጠገብ ደረቱን ነፍቶ። ከሥሩ "በደሴቱ የሠለጠነ" ይላል። ከተማችን የፎቶውን ታሪክ አሳምራ ታውቃለች። ነገር ግን እኛ ዘንድ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ነገር ይከበራል።

ከኋላው ትልቋ ልጁ ላስያ ቆማ ነበር። ከቁርጥራጭ ጨርቄ ቅርጫት አንድ የጃንጥላ ጨርቅ አንስታ ወደ ላይ ለቀቀችውና እስኪወርድ ድረስ ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። ደግማ ለቀቀችው። አባቷ በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

እኔ ሰው የማዳምጥ ሴት ነኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አልዘለለም፤ የቀረውን ያስተማሩኝ ሬዲዮና ልብስ ሊለኩ የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ጠዋት መብራቴን ከእመቤቷ ምስል ፊት ሳበራ ምላሴን ጠብቂልኝ ብዬ ነው የምጀምረው። ስለዚህ ፕራባከርን "እሺ" ብዬ መሸኘት ብቻ ነበረብኝ። ያቺ ጨርቅ ስትወርድ ግን ሌላ ፓራሹት አየሁ።

*

ስምንት ዓመቴ ነበር። ሮኬት ከደሴቱ በተነሳ ቁጥር የቤታችን ድስቶች እርስ በርስ ይንቀጫቀጩ ነበር። እናቴ የፈላውን ወተት ይዛ "ይሂድ፣ ይሂድ፣ በሰላም ይሂድ" ትላለች፤ እንግዳ የምትሸኝ ይመስል። ደሴቱ ከሐይቁ ማዶ ነው። በር አለው፤ በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ አለ። መግቢያ ወረቀት የሌለው ሰው አይገባም። እኔ ገነትም እንደዚያ ትመስለኝ ነበር፤ አጥርና ዘበኛ ያላት፣ ከውስጧ አልፎ አልፎ እሳት የሚወጣ።

ሮኬቱን የሚያስነሳው ደግሞ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ሱባራማያ መሆኑን አልጠራጠርም ነበር። በዓይኔ አይቻለኋ። ሮኬት በሚነሳበት ቀን ነጭ በነጭ ለብሶ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ሰዓቱን ያያል። ግቢው በሙሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ ቀኝ እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ሰማይ ያነሳል፤ ከማዶም እሳቱ ይነሳል። ሰው ያጨበጭባል፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ጭብጨባውን ይቀበላል።

የደረት ኪሱ ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ ይዞ እንደሚወጣ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያ ሰው ዕድሜ ልኩን የሠራው ሥራ ይኸው ነበር፤ በራሱ የሚነሳ ነገር አጠገብ ቆሞ እጁን ማንሳት።

እህቴ ሃይማቫቲ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት የመጨረሻው ክፍል ውስጥ ነበረች። እኔ "አካ" ነው የምላት፤ ታላቅ እህት እንዲህ ነው የምትጠራው። በዚያ ዓመት የውሃ ሮኬት፣ ማለትም ውሃና የታመቀ አየር የሚያስወነጭፈው ጠርሙስ፣ ውድድር እንደሚደረግና ሮኬቱ አየር ላይ ከሁሉም በላይ የቆየለት ተማሪ በዕረፍት ወር ደሴቱ ውስጥ ገብቶ ሥልጠና እንደሚወስድ ተነገረ። ከየትምህርት ቤቱ አንድ ወንበር ብቻ ነው የተፈቀደው። እኔ ወንበሩ እውነተኛ ወንበር፣ ሮኬቱ ጫፍ ላይ የተበየደ ይመስለኝ ነበር፤ ምን ዓይነት ትራስ እንደሚያስፈልገውም አስቤበታለሁ።

አካ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላወራችም። የለስላሳ ጠርሙስ ለመነች። የሟቹን አያታችንን የደረት ራጅ ቆርጣ ክንፍ ሠራችበት፤ ፀሐይ ሲመታው የአያቴ የጎን አጥንቶች ክንፉ ላይ ይታዩ ነበር። አባቴ ኮታያ፣ ናና የምንለው፣ ልብስ ሰፊ ነው። ከንፈሩ መሃል ዘወትር መርፌ ስለሚይዝ ንግግር አይወድም። አንድ ቀን የተሰበረ ጃንጥላ ተርትሮ፣ ጨርቁን አጥቦ፣ ጠርዙን እንደ ሙሽራ ልብስ አጥፎ ፓራሹት ሰፋላት። ሲሰጣት "ስፌቱ አይለቅም" ብቻ አለ።

*

የውድድሩ ቀን ሜዳው ላይ ድንኳን ተተከለ። ድንኳኑ ለእንግዶች ነው፤ ተማሪው ፀሐይ ላይ። ዝግጅቱ የሚጀምረው ጠዋት ነው ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን የራሁ ሰዓት ገባ። በዚያች ክፉ ሰዓት የሚጀመር ነገር አያምርም፤ ስለዚህ ስለ ሕዋ ሳይንስ ሊያስተምሩን የመጡ ትልልቅ ሰዎች ራሁ የተባለው የሰማይ እባብ ፀሐይን ለቅቆ እስኪያልፍ ለውዝ እየበሉ ጠበቁ። ሰዓቷ ስታልፍ ደግሞ የክብር እንግዳው አልደረሰም። የሩዝ ወፍጮ ባለቤት ነው። ያለ እሱ የመክፈቻው መብራት አይበራም፣ የክብር ኩታ አይደረብም፣ ሮኬትም አይነሳም።

ሱባራማያ እንግዳው መጥቶ እንዳይቆም ብሎ ጠርሙሶቹ ሁሉ ውሃ ተሞልተው በብስክሌት መንፊያ አስቀድመው እንዲነፉ አዘዘ። የተነፋ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ምን እንደሚሆን ለመገመት ርዕሰ መምህር መሆን አያስፈልግም፤ ምናልባት አለመሆን ነው የሚያስፈልገው። እንግዳው መኪናው ውስጥ እንዳለ አንዱ በራሱ ጊዜ ተፈናጥሮ ሄደ። ሌላው ፈነዳና "እንኳን ደህና መጡ" የሚለውን ጨርቅ አጥቦት ቁጭ አለ። የፕራባከር ሮኬት፣ የሱባራማያ ልጅ ሮኬት ማለቴ ነው፣ ከከተማ ተገዝቶ የመጣ በወርቅ ቀለም የተቀባ ነበር። የክብር እንግዳው ገመዱን የሚስበው የእሱን ነው ተባለ። ሳበ። ሮኬቱ በጎኑ ተጋድሞ ሜዳውን እንደ ውሻ ሮጠና አንዲት ለማዳ የወተት ጎሽ ስር ገባ። ጎሿ ድንኳኑ ውስጥ ገባች።

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ርዕሰ መምህሩ እጁን ስላላነሳ ነው የተበላሸው ብዬ አዘንኩለት።

አካ ግን ተረኛ እስክትሆን ጠርሙሷን ባዶውን በሻርፗ ስር፣ ጥላ ውስጥ አቆይታው ነበር። ስትጠራ ውሃዋን ሞላች፤ ራሷ ነፋች። ለቀቀችው። የአያቴ አጥንቶች ፀሐይ ላይ ብልጭ ብለው ጠፉ። ከዚያ ላይ፣ በጣም ላይ፣ የናና ጥቁር ጃንጥላ ተከፈተ።

አልወረደም። ነፋስ ይዞት ቀስ ብሎ ሜዳውን አሻገረው፤ የዘንባባዎቹን አናት አለፈ። ወደ ሐይቁ፣ ወደ ደሴቱ አቅጣጫ እየተንሳፈፈ ከዓይናችን ራቀ። ያኔ ሱባራማያ ድንገት እንዳስታወሰ ሰው ቀኝ እጁን አነሳ። ሕዝቡም ለእሱ አጨበጨበ።

ውጤቱ ግን በኮሚቴ ታይቶ ይገለጻል ተባለ። ሳይመለስ የቀረ ሮኬት ሊመረመር አይችልምና ነገሩ ጥናት ይፈልጋል።

*

በማግስቱ ሱባራማያ ራሱ ወደ ሱቃችን መጣ። እኔ የመቁረጫው ጠረጴዛ ስር ሆኜ የወደቀ መርፌ በማግኔት እለቅም ነበር። እሱ ተቀመጠ፤ ናና ቆመ። እግራቸውን እያየሁ ነው የሰማሁት።

"ኮታያ፣ ልጅህ ጎበዝ ናት። ማን ይክዳል። ግን ወንበሩ አንድ ነው፣ ታውቃለህ።"

ናና የአንድ እግሩን ጣቶች በሌላው እግሩ ረገጠ።

"የእህቴን ልጅ ሙራሊን ታውቀዋለህ። ደሴቱ ላይ ነው ሥራው፤ የመንግሥት ቤት አለው። እሁድ ይምጡና ይዩአት። ከወደዷት ደሴቱ ውስጥ ገባች ማለት ነው። ለሳምንትና ለሁለት ሳምንት አይደለም፣ ለዕድሜ ልኳ። ከማድ ቤቷ መስኮት ሮኬት ታያለች። ታዲያ ለአንድ ቤት ሁለት ወንበር ምን ያደርጋል? ያኛውን ፕራባከር ይውሰደው።"

"እሷስ?" አለ ናና።

"እሷስ ምን?"

ሱባራማያ ቀጥሎ ለጋብቻ ከሴት ወገን የሚሰጠውን ወርቅ እንኳ እነሱ አይጠይቁም፣ ይህን የመሰለ ቤት ደጅህ ድረስ ሲመጣ የሚያስብ ሰው አላየሁም አለው። ሲወጣ የጫማው ተረከዝ የለቀምኩትን መርፌ ሁሉ በተነው።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ከደሴቱ ፈታኞች ይመጣሉ። እሁድ አካን ይፈትኗታል። ካለፈች ለዘለዓለም ትገባለች። ወርቅ አይጠየቅም፤ ማለትም ጉቦ የለም። ፕራባከር የሚወስደው ትርፍ የሆነውን፣ ትንሹን ወንበር ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ሮጬ ሄጄ ለአካ ነገርኳት። ጓሮ ድስት ትፈትግ ነበር። ያኔም ጆሮዬ አይስትም፤ ቃል በቃል ነገርኳት፤ የናናን ዝምታ ሳይቀር። ስጨርስ ድስቱን መፈተግ ቀጠለች፤ ድስቱ ከነጣ በኋላም ፈተገችው።

"ፈታኞች," አለች በመጨረሻ፣ በቁልምጫ ስሜ እየጠራችኝ። "ልክ ብለሻል ቡጂ። ፈታኞች ናቸው።"

ከዚያ እስከ እሁድ ድረስ አካ እንደዚያ ወድዳኝ አታውቅም። ጸጉሬን ዘይት እየቀባች፣ ሩዝ እየለቀመች፣ ሕዋ የሚሄድ ሰው ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ታስተምረኛለች። ስለ ምግቡ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ በመጨረሻም ስለ ማርስ። እኔ እጠይቃለሁ፤ እሷ ትመልሳለች፤ ከዚያ "እስቲ ድገሚው" ትለኛለች። አንድ ነገር ብቻ አስጨነቀኝ። ተፈታኙ ስለ ራሱ መናገር አይፈቀድለትም አለችኝ፤ ደንቡ መሬት መሬት ማየት ነው።

"ታዲያ ማን ይናገርልሻል?"

"እኔ እንጃ," አለችና ጉንጉኔን ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። "ደፋር ሰው ያስፈልጋል።"

*

እሁድ የራሁ ሰዓት ሳይገባ መጡ። ሱባራማያ ከፊት ነው። ቀጥላ እህቱ አናሱያ፣ ሰፊ ሴት፣ ወንበራችንን በእጇ ጠረግ አድርጋ የተቀመጠች። ከዚያ የኮከብና የቀን መቁጠሪያ መጽሐፍ ብብቱ ስር የያዘ አንድ ሽማግሌ አጎት። መጨረሻ ላይ ሙራሊ፣ ጫማውን አውልቆ እንኳ ጫማው የነበረበትን ቦታ የሚያይ ወጣት። ዋናው ፈታኝ እሱ መሆኑን ገመትኩ፤ ከደሴቱ የመጣው እሱ ነዋ። የደሴቱን የዕቃ ግምጃ ቤት እንደሚጠብቅ ያኔ አላወቅሁም። ብሎን ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው ነበር።

እናቴ ቃሪያ ባጂ፣ በሊጥ የተጠቀለለ ቃሪያ፣ በዘይት ጠብሳ በሰሃን ከመረችው፤ በብረት ኩባያ ቡና ቀዳች። ፈታኝ እንደዚህ እንደሚበላ አላውቅም ነበር። አናሱያ በባጂው መሃል መሃል ቤታችንን ዞራ አየች፤ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ የእናቴን እጅ። ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር ያኔ ጥንቃቄ ነው ብዬዋለሁ።

አካ ቀይ ሳሪ ለብሳ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ገባች። ፈተናው ተጀመረ።

ከበር እስከ መስኮት አስኬዷት፤ ሚዛኗን ለማየት። ጉንጉኗን አስፈቱና ጸጉሩ የራሷ መሆኑን ጎትተው አዩ፤ የራስ ቁሩ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ይሆናል። ጋዜጣ ሰጥተው ከሩቅ አስነበቧት፤ ይህ እንኳ ግልጽ ነው። ዘፈን አዘፈኗት፤ ሳንባዋን ነው። የተወለደችበትን ሰዓትና ኮከቧን ጠየቁ። የሕዋ ሰዎች ስለ ኮከብ ካልጠየቁ ማን ይጠይቃል? ሁሉም ነገር ልክ እየሄደ ነበር። እኔ ግን ከተደበቅሁበት የስፌት መኪና ኋላ አንገቴን አሰገግሁ፤ የሚናገርላት ሰው የለማ።

"ዝምተኛ ናት," አለች አናሱያ። "ይሄ ደግ ነው። ማብሰሉስ?"

"አሳምራ ነው የምታበ—" አለች እናቴ።

"አታበስልም," አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ከስፌት መኪናው ኋላ ወጣሁ።

"ምግብ አያስፈልጋትም። ሁለት ቀን ሳትበላ መዋል ትችላለች። ራሷን እያለማመደች ነው። ስለዚህ ለሌላ ሰውም አታበስልም፤ ጊዜ ማባከን ነው።"

አናሱያ ሳቀች። ሳቋ ሆዷ ድረስ አልወረደም። እናቴ ክንዴን ልትይዝ ተነሳች። ያኔ ናና መርፌዎቹን ከከንፈሩ አውጥቶ ደረቱ ላይ ሰካና "ተያት," አለ። "ልጅ ናት። ትናገር።"

ኮራሁ። ናና አንድ ሰው እንዲናገር ሲፈቅድ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

"ማታ አትተኛም," አልኩ። "ጣሪያ ላይ ናት። ዝናብ ቢመጣም አትወርድም።"

"ጣሪያ ላይ ምን አላት?"

"ሥራ። ከሄደች ደግሞ አትመለስም። እናታችን ብትሞት እንኳ አትመጣም፤ አታለቅስምም፤ እንባ እዚያ አይወርድም፣ ዓይን ላይ ይንጠለጠላል። ትእዛዝ አትቀበልም፤ ራሷ አስልታ ነው የምትሠራው፤ ሰው ሲሳሳት ፊት ለፊት ትነግረዋለች። ለአለቃም ቢሆን። ልጅ አትፈልግም። ባልም አትፈልግም።"

"ባል ምን አደረጋት?" አለ አጎትየው።

"ክብደት ነው," አልኩ። "ሮኬት ላይ ባል ማለት ትርፍ ክብደት ነው።"

ሙራሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። አካ አሁንም መሬት ታያለች፤ ትከሻዋ ብቻ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ፈርታ ነው ብዬ አዘንኩላት።

አጎትየው መጽሐፉን ገለጠ። ጣቱ መስመር ላይ እየሄደ፣ ለእናቴ ነበር የጠየቀው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ማርስ እንዴት ናት ከእሷ ጋር? ማርስ አለባት?"

በኮከብ ቆጠራዋ ማርስ ያለባት ሴት ባሏን ትቀብራለች ይባላል። ይህን በስምንት ዓመቴ አላውቅም። የማውቀው አካ ለማርስ ያላትን ፍቅር ነው። ከደሴቱ የመጣ ሰው ስለ ማርስ ሲጠይቅ ደግሞ ፈተናው ሊያልቅ መሆኑ ገባኝ።

"ማርስ የእሷ ናት," አልኩ በኩራት። "ከልጅነቷ ጀምሮ። ናና ያውቃል።"

ሁሉም ወደ ናና ዞሩ። ናና እንደ ፍርድ ቤት ምስክር ቀጥ ብሎ ቆመ። "እሱስ እውነት ነው," አለ።

መጽሐፉ ተዘጋ። አናሱያ ግማሹን የነከሰችውን ባጂ ሰሃኑ ላይ መለሰችው። ማንም ቡናውን አልጨረሰም። ደጃፍ ላይ ሱባራማያ ጫማውን እያጠለቀ ቀና ሳይል "ኮታያ፣ ልጆችህን አላስተማርካቸውም," አለ።

"እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ጌታዬ," አለ ናና። "የሚያስተምሯቸው እርስዎ አይደሉ?"

*

በዚያ ቀን እናቴ በባጂው ማንኪያ ጀርባዬን አቀላችው። ፈተና አሳልፌ ለምን እንደምመታ ግራ ገባኝ። አካ የድርሻዋን ባጂ በሙሉ ሰጠችኝ፤ ስበላ ፀጉሬን እየዳበሰች ተቀመጠች።

ከዚያ የወንበሩን መልስ ስጠብቅ ከረምኩ። በዕረፍቱ ወር አበባ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከበሮ እየተመታለት ወደ ደሴቱ የሄደው ፕራባከር ነው። አካን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ቡጂ," ብላ መጽሐፏን ገለጠች። ድምጿ ውስጥ የነበረውን ነገር ያኔ አልለየሁትም። ዛሬ እለየዋለሁ። ከባሉ አምልጣለች፤ ወንበሩን ግን በልተውታል። ያን በጋ በሙሉ ሮኬት ሲነሳ ጣሪያ ላይ አልወጣችም።

ፕራባከር ሳምንቱን ሳይጨርስ ተመለሰ። ሱባራማያ ልጁ ትምህርቱን ቶሎ ስለፈጸመ አሰናበቱት ብሎ አወራ፤ እኔም አመንኩ፤ ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው ብዬ ተደነቅሁ። እውነቱ ግን የእናቱ የእርጎ ሩዝ ናፍቆት ማታ ማታ አልቅሶ ሌሎቹን ልጆች እንቅልፍ ስለነሳ ነው። ሆኖም ከመመለሱ በፊት ፎቶ ተነስቶ ነበር። ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ በዚያ ፎቶ በልቷል። አምላክ ለሁሉም እንደ ሥራው ይከፍላል ይባላል፤ እኔም አምናለሁ። ለአንዳንዱ ግን ሒሳቡን በጣም ያዘገይለታል።

አካ በዓመቱ ፈተናዋን በራሷ አልፋ ከተማ ኮሌጅ ገባች። ዛሬ የሴቶች ኮሌጅ ውስጥ ፊዚክስ ታስተምራለች። ደሴቱ ውስጥ እግሯ ረግጦ አያውቅም። ሮኬት በሚነሳበት ቀን ትደውልልኛለች፤ እኔ ስልኩን ወደ ድስቶቹ አስጠጋለሁ፤ ሲንቀጫቀጩ ትሰማለች፤ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን።

ናና የሞተ ጊዜ መጥታ፣ ሱቁን አብረን ስናጸዳ፣ የዚያን እሁድ ነገር አነሳሁባት። ትዳርሽን ሳላውቅ በልጅ አፌ አፈረስኩልሽ፣ ደግሞም እንኳን አፈረስኩ አልኳት።

አካ የናናን መቀስ እየወለወለች ሳቀች። "ሳታውቂ? ጠርሙስ ራሱን በራሱ ይነፋል እንዴ፣ ቡጂ? ያን ሁሉ ቀን ስነፋሽ ነው የከረምኩት። ስለ ማርስ እንኳ መች እንደሚጠይቁ አውቄ ለመጨረሻ ነው ያቆየሁልሽ።"

በእጇ ያለውን መቀስ አየሁት። "ናናስ ያውቅ ነበር?"

"ፓራሹቱን ማን የሰፋው ይመስልሻል?" አለችኝ።

*

ፕራባከር ሪባኑን ሊወስድ ትናንት ተመለሰ፤ ላስያም አብራው። አንዱን ሪባን ደረቱ ላይ ለክቶ በመስታወቱ ራሱን አየ፤ ወደደው። እኔ ስጠቀልል ልጅቷ ቀስ ብላ የጃንጥላው ጨርቅ አሁንም እንዳለ ጠየቀችኝ። ለምን እንደፈለገችው ስጠይቃት ፊቷ በራ። ፈተና ተፈትና በራሷ ስም፣ ያለ አካዳሚ፣ ለበጋው የሥራ ልምምድ ደሴቱ ተቀብሏታል። እዚያ ስለ ፓራሹት ነው የምትሠራው።

"እሱ እንኳ ይታያል," አለ አባቷ፣ ከመስታወቱ ሳይዞር። "እሁድ ሰዎች ሊያዩዋት ይመጣሉ። ልጁ ደሴቱ ላይ መሐንዲስ ነው፣ የመንግሥት ቤት ያለው። ያው እሷም ደሴቱ ውስጥ መግባቷ አይደል? አንድ ሰው ስንት ጊዜ ይገባል?"

ይህን ቃል ጠረጴዛ ስር ሆኜ የሰማሁት መሰለኝ። እንደ አባቱ እጁን ሳይቀር ወደ ላይ አንስቶት ነበር።

ስልኩ ጮኸና "ሃሎ" እያለ ወደ ደጅ ወጣ። ላስያ መሬት መሬት ታያለች። ጨርቁን በጣቶቿ መሃል እያጠፈች ትዘረጋዋለች፣ እያጠፈች ትዘረጋዋለች።

ጠዋት መብራቴን ሳበራ ምላሴን ጠብቂልኝ ብያለሁ። ስለ ልጅቷ አባት ምንም ክፉ ቃል አልተናገርኩም። ጨርቁን ከእጇ ተቀብዬ ጠርዙን አየሁትና መቀሴን አነሳሁ።

"ላስያ," አልኳት። "ታናሽ እህት አለሽ?"

ቀና አለች። "አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።"

"ወሬ ትወዳለች?"

"ኧረ ማን ያስቆማታል," አለች፤ ከዚያ ዓይኗ ዓይኔ ላይ ቀረ።

"ነገ ይዘሻት ነይ," አልኳት። "ለእሁድ ቀሚስ ልሰፋላት ነው፤ ስለካት ጊዜ ይወስዳል።"